ማርታ ያላስገባችው ቫይረስ

የተሸኘሁ ቀን አዳራሹ ሙሉ ነበር። ጋቢ አለበሱኝ፤ በፍሬም የገባ የምስጋና ወረቀት ሰጡኝ፤ ከሰው ሀብት የመጣ ባለሙያ ተነስቶ «ወይዘሮ ጽጌ በሥራ ዘመናቸው ሁሉ አንድም ነቀፋ ያልተሰማባቸው» ብሎ አነበበ። ሰው አጨበጨበ። ፊቴ ጋለ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ደስታ መስሏት እጄን ጨበጥ አደረገችኝ። ደስታ አልነበረም፤ ንዴት ነበር። ነቀፋ ያልተሰማብኝ ጥፋት ስለሌለኝ ሳይሆን ሌላ ሰው ስለተሸከመልኝ ነው።

ያቺ ሰው ማርታ ትባላለች። ጃጁራ ተወልዳ ያደገች፣ የምንሠራበት ማሰልጠኛ ተቋም የሬጅስትራር መዝገብ ያዥ ነበረች። የተቋሙን ስም አልጠራም፤ የሚያውቅ ያውቀዋል። የእሷን ነገር ከመናገሬ በፊት ግን ሥራዬ ምን እንደነበር ልናገር። እሱ ካልገባ የተሠራባት በደል አይገባም።

የተወለድኩት ሆሳዕና ነው። አባቴ ከጎጃም ለማስተማር መጥቶ እዚያው የቀረ መምህር ነበር። ታይፕ ተምሬ በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆኜ ተቀጠርኩ። የመጀመሪያዋ ኮምፒውተር ስትመጣ የጽሕፈት መኪናዬን አንስተው እሷን አስቀመጡልኝ። ጥልፍ ጨርቅ አለበስናት። በሩ ላይ «ጫማ ሳያወልቁ መግባት ክልክል ነው» የሚል ወረቀት ተለጠፈ። ቫይረስ የሚባል ነገር አለ ሲባል አለቃችን ከአቧራ ጋር የሚገባ መስሎት ነበር። ባለጉዳዩ በካልሲ ቆሞ ይጠብቃል፤ በኪሱ ግን ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ዲስኬት ይዟል። ያንን ያለ አንዳች ጥያቄ ተቀብለን እንከታለን። ይሄን ስነግራቸው ሰዎች ይስቃሉ። እኔ አያስቀኝም፤ ዛሬም ያው ነውና። የቀረው ጫማ ማስወለቁ ብቻ ነው።

ሙያውን ያስተማረኝ ጋሽ ላምቦሬ ነው። የፎንቆ ሰው ነው፤ ቀድሞ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር፣ በኋላ በየመሥሪያ ቤቱ እየዞረ ኮምፒውተር የሚጠግን ሆነ። ቁመቱ አጭር፣ ድምፁ ቀስ ያለ፣ ከሰው ጋር የማይጣላ ሰው ነው። ፍላሽ ሲሰጡት ግን መርማሪ ፖሊስ ይሆናል።

«ይሄ የት ነው ያደረው?» ይላል።

«ቤቴ ነዋ፣ ጋሽ ላምቦሬ።»

«ከዚያ በፊትስ?»

«ፎቶ ኮፒ ቤት።»

«እንግዲያው ጥግ ይግባ» ይላል። ጥግ የሚለው አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ነው። ከኔትወርክ ጋር አልተገናኘም፤ ምንም የመሥሪያ ቤት ሰነድ አልተቀመጠበትም። የውጭ ፍላሽ ሁሉ መጀመሪያ እዚያ ላይ ነው የሚሰካው። ሚኒስትር ቢመጣ ፍላሹ ጥግ ሳይገባ ሌላ ማሽን አይነካም። አንድ ጊዜ የራሱን ፍላሽ ከቤት አምጥቶ ጥግ ላይ ሲሰካ አይቼ፣ «የራስዎንም?» አልኩት። «የእኔ ኪስ ከሌላው ሰው ኪስ በምን ይሻላል?» አለኝ።

በዚያ ዘመን የሁላችንም መከራ ሾርትከት ቫይረስ ነበር። ሰው ፍላሹን ሲከፍት ፎልደሮቹ ሁሉ ያሉ ይመስለዋል። የሉም። ቫይረሱ እውነተኛዎቹን ደብቆ በቦታቸው መልካቸውን የያዙ ሐሰተኞች አስቀምጧል። ሲነኳቸው መጀመሪያ ቫይረሱን ያስነሳሉ፣ ቀጥለው የራስዎን ፎልደር ይከፍቱልዎታል። ስለተከፈተልዎት አይጠረጥሩም። ጋሽ ላምቦሬ ማውሱን አይነካም፤ ዝም ብሎ ያያል። «ከፎልደሩ ምስል ሥር ያለችውን ትንሽ ቀስት አየሽ? አሁን ክብደቱን እይ። ሙሉ የፈተና ወረቀት የያዘ ፎልደር እንዲህ አይቀልም።» ከዚያ ጥቁሯን መስኮት ከፍቶ አንድ መስመር ትእዛዝ ይጽፋል። የተደበቁት አንድ በአንድ ብቅ ይላሉ። ከዚያ በኋላ ሐሰተኞቹን ያጠፋል። ሰው ሁሉ የሚቸኩለው ፎርማት ለማድረግ ነበር። «ፎርማት ማድረግ ማከም አይደለም፣ መቅበር ነው» ይል ነበር።

ሌላው ልማዱ የመጠባበቂያ ቅጂ ነው። አርብ አርብ ሰነዱን በውጭ ዲስክ ይገለብጣል፣ ዲስኩን ይነቅላል፣ በጨርቅ ይጠቀልላል፣ ከዚያ ግቢውን አቋርጦ ሌላ ሕንፃ ውስጥ ባለ የብረት ቁም ሳጥን ይቆልፍበታል። ዝናብ ቢዘንብ በፌስታል አድርጎ ይሄዳል። በወሩ ደግሞ ያንኑ ቅጂ አምጥቶ ከመሀሉ አንድ ፋይል ከፍቶ ያነባል። ለምን እንደሚያነብ ስጠይቀው፣ «ያልከፈትሽው ቅጂ መኖሩን በምን ታውቂያለሽ?» አለኝ።

ከእሱ ተምሬ በኮምፒውተር ባለሙያነት ቦኖሻ ተመደብኩ፣ ከዚያ ዱራሜ። ዱራሜ ሳለሁ አንድ ነገር ገባኝ። የሁሉም መሥሪያ ቤት ኮምፒውተሮች በአንድ ዓይነት ቫይረስ ይያዛሉ፤ ሳጸዳ እውላለሁ፣ በሳምንቱ ተመልሰው ይያዛሉ። ሰዎቹን አንድ በአንድ ፍላሻቸው የት የት እንደሄደ ስጠይቅ ሁሉም አንድ የኅትመት ቤት ጠሩልኝ። ሄድኩ። ባለቤቱ ትሑት ሰው ነበር፤ ኮምፒውተሩ የታመመ መሆኑን እንኳ አያውቅም። ቀኑን ሙሉ አብረን ስናጸዳ ዋልን፤ የሰው ፍላሽ ሲሰካ ምን ማየት እንዳለበት አሳየሁት። ከዚያ በኋላ ወሩን ሙሉ የጠራኝ ሰው የለም። ምንጩን ሳይዙ ገንዳ ማጠብ ልፋት ብቻ መሆኑን ያን ጊዜ አወቅሁ። ጎበዝ ነኝ ብዬም አሰብኩ። ያ ሐሳብ ነው የጎዳኝ።

ወደ ማሰልጠኛ ተቋሙ ስዛወር ጋሽ ላምቦሬ ጡረታ ወጥቶ ፎንቆ ገብቶ ነበር። ኃላፊያችን አቶ ደምሴ ይባላል። ንግግር የሚያውቅ፣ ሪፖርት የሚያሳምር ሰው ነው። በመጣሁ በወሩ ቢሮው ጠራኝ።

«የተማሪዎች ውጤት ያለበት ሰርቨር ውስጥ መግባት እፈልጋለሁ» አለኝ።

«ለማየት ነው?»

«ለሁሉም ነዋ! ኃላፊ በቤቱ ይከለከላል እንዴ?»

ለማየት ብቻ ነው መፍቀድ የነበረብኝ። የማስተዳደሪያውን የይለፍ ቃልም ጠየቀኝ። ሁለቱንም ሰጠሁት። እዚህ ላይ ማንንም አልወቅስም፤ እጄ ነው የሰጠው።

ከጊዜ በኋላ ላፕቶፑን ይዞ መጣ። ፎቶ የሚያሳምር ፕሮግራም ከኢንተርኔት አውርዷል፤ ፈቃድ የሌለው፣ ቁልፉ የተሰበረ። አንቲቫይረሱ አላስጭን ብሎታል።

«ይሄ ያንቺ ዘበኛ ሥራ እየከለከለኝ ነው። ዝጊልኝ።»

«አቶ ደምሴ፣ የከለከለዎት ምክንያት ስላለው ነው። ቁልፉን የሰበረው ሰው በነፃ የሚያድል ለጽድቅ ብሎ አይደለም፤ በውስጡ ሌላ ነገር ጨምሮበት ይሆናል።»

«ግዴለም፣ እኔው እዘጋዋለሁ» ብሎ ሄደ። የይለፍ ቃሉ በእጁ ነው። ተከትዬው መሄድ ነበረብኝ፤ አልሄድኩም።

ወቅቱ የማጠቃለያ ውጤት የሚገባበት ነበር። መምህራን በየቀኑ ውጤት ያመጣሉ፣ ማርታ በየቀኑ ታስገባለች፣ እኔም በየቀኑ እገለብጣለሁ። ዲስኩን በየቀኑ ነቅሎ እስከሚቆለፍበት የቤተ መጻሕፍት ሕንፃ መመላለስ ሰለቸኝ። አንድ ቀን እንደተሰካ ተውኩት። በማግስቱም። ከዚያ ወዲያ አልነቀልኩትም።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ማርታ እየሮጠች መጣች።

«እትዬ ጽጌ፣ ይምጡ እስኪ! የፋይሎቹ ስም ተቀይሯል። አልከፈት ብለውኛል።»

ስደርስ በእያንዳንዱ ፋይል ስም መጨረሻ ላይ የማይነበብ ፊደል ተቀጥሎበታል። በየፎልደሩ አንድ የእንግሊዝኛ ደብዳቤ ተቀምጧል፤ ፋይሎቻችሁን ቆልፈናል፣ ከከፈላችሁ ቁልፉን እንሰጣለን ይላል። እያየሁት ሌሎችም ስማቸው ይቀየራል። የኔትወርኩን ገመድ ጎትቼ ነቀልኩ። ከዚያ ዲስኩ ትዝ አለኝ። ከሰርቨሩ ኋላ ሰማያዊ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል። ነቀልኩት። እንደ ጋሽ ላምቦሬ እዚህም ባዘጋጀሁት ጥግ ላይ ሰክቼ ስከፍተው ቅጂውም ተቆልፏል።

የስንት ዓመት ተማሪ ውጤት ነው። የመምህሩ፣ የነርሷ፣ የግብርና ባለሙያው ልፋት። ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ማርታ አጠገቤ ቁጭ ብላ ትከሻዬን ይዛ፣ «እግዚአብሔር ያውቃል፣ እንፈታዋለን» ትለኝ ነበር። ይሄን አልረሳውም።

ቀጥሎ ማድረግ ያለብኝን አደረግሁ። እያንዳንዱ ፋይል ማን እንደፈጠረው ይመዘገብበታል፤ ፋይሉን ከፍቶ ሳይሆን የፋይሉን መግለጫ አይቶ ይገኛል። በየፎልደሩ የተቀመጠውን ደብዳቤ የፈጠረው ማን እንደሆነ አየሁ። ሁሉም ላይ ያለው ስም የአቶ ደምሴ የመግቢያ ስም ነው። ላፕቶፑን አየሁ። አንቲቫይረሱ ተዘግቷል፤ መጀመሪያ የተቆለፉት ፋይሎች የራሱ ናቸው፤ ከእነሱ ጥቂት ደቂቃ ቀደም ብሎ ያ ቁልፉ የተሰበረ ፕሮግራም ተከፍቷል። ሁሉን በማስታወሻ ደብተሬ ጻፍኩ፣ ከስክሪኑ ላይ አተምኩ። የማርታን ኮምፒውተርም መረመርኩ። መዝሙር ያለበት ፍላሿ ላይ ያ የድሮ ሾርትከት ቫይረስ ተገኘ። ያ ፋይል መቆለፍ አይችልም። እሷን በዚህ መክሰስ ጉንፋን የያዘውን ሰው ቤት አቃጥለሃል እንደማለት ነው።

አዲስ አበባ ያሉ የሙያ ጓደኞቼን ሁሉ ጠየቅሁ። ለዚያ ዓይነት ቁልፍ መክፈቻ አልተገኘም።

አቶ ደምሴ ጠራኝ። በሩን ራሱ ዘጋው።

«መርምረሻል አሉ።»

«አዎ። ከእርስዎ ላፕቶፕ ነው የተነሳው።»

አልደነገጠም። «ዲስኩስ የት ነበር?» አለኝ።

«ሰርቨሩ ላይ እንደተሰካ» አልኩት።

«መመሪያው ምን ይላል? ተነቅሎ ሌላ ሕንፃ ይቀመጥ ይላል። የጻፍሽው አንቺ ነሽ። ስንት ዓመት ቀረሽ ለጡረታ?» ከዚያ ድምፁን ለስለስ አድርጎ፣ «እኔ ማንንም መጉዳት አልፈልግም። የልጅቷ ፍላሽ ላይ ቫይረስ ተገኝቷል አይደል? እሱን ብቻ ተናገሪ» አለ።

ሦስት ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ ተቀመጠ፤ ሰብሳቢው ራሱ ደምሴ ነው። ከሦስቱ አንዱም ስለ ኮምፒውተር አያውቅም። ማርታ ፊት ለፊቴ ነበረች።

«የማርታ ፍላሽ ላይ ቫይረስ ተገኝቷል ወይስ አልተገኘም?»

«ተገኝቷል፣ ግን...»

«ተገኝቷል በል፣ ጻፍ» አለው ደምሴ ጸሐፊውን። «ግን የሚለውን ቃለ ጉባኤ አይጽፍም።»

ማርታ ወደ እኔ ዞረች። «እትዬ ጽጌ፣ እርስዎ ያውቁታል። ይንገሯቸው እንጂ!»

ጠረጴዛውን ነበር የማየው። ቃለ ጉባኤው ዞሮ መጣ። ፈረምኩ።

በወሩ ከሥራ ተሰናበተች። እኔ ከወረቀት ላይ ውጤት መልሼ ወደ ማስገባት ገባሁ። መምህራን በየቤታቸው ያስቀመጡትን የውጤት ወረቀት ለመንኳቸው፤ ምስጥ የበላው ነበር፣ ዝናብ ያረጠበው ነበር። አንድ ዓመት ፈጀብኝ። ወረቀታቸው ያልተገኘ ልጆች ያለፉትን ትምህርት እንደገና ተፈተኑ። አንዲት እናት የሆነች ተማሪ ልጇን ታቅፋ መስኮቴ ላይ ቆማ፣ «ያቺን ማርታ የሚሏትን እግዜር ይፍረድባት» አለች። አሁንም «እሷ አይደለችም» አላልኩም።

ፎንቆ ሄጄ ለጋሽ ላምቦሬ ነገርኩት። እንሰት እየፋቁ ካሉት ሴቶች ራቅ ብለን ተቀመጥን። እስክጨርስ አላቋረጠኝም። የዲስኩን ነገር ስነግረው ይቆጣል ብዬ ነበር፤ ዐይኑን ጨፈን አድርጎ ከፈተ እንጂ አልተቆጣም።

«ዲስክ ማንም ይረሳል» አለ። «እኔም ረስቼ አውቃለሁ። ልጅቷስ?»

«ተሰናበተች።»

«አንቺ ምን አልሽ?»

«ፈረምኩ።»

ብድግ አለ። በዚያ ሁሉ ዓመት ሲቆጣ አይቼው አላውቅም። «እኔ ፍላሽ እንድትመረምሪ ነው ያስተማርኩሽ? ማን እንደሠራው ለማወቅ አይደለም እንዴ? ካወቅሽ በኋላ የምትደብቂው ከሆነ ለምን ትመረምሪያለሽ?» አለኝና ጥሎኝ ወደ ጓሮ ገባ። ቆይቼ ጠበቅሁት፤ አልወጣም። ዓመት ሳይሞላው ሞተ። ቀብሩ ላይ ከኋላ ቆምኩ።

ደምሴ ወደ ተሻለ ቦታ ተሾመ። በስብሰባ ላይ ስለ ዲጂታል ደኅንነት ንግግር ሲያደርግ ሰማሁ፤ «ዋናው ችግር የዝቅተኛ ሠራተኛው ግንዛቤ ማነስ ነው» ይላል። እኔ ያየሁት ሌላ ነው። ዝቅተኛው ሠራተኛ ፍላሽ ያመጣል፣ እውነት ነው፤ በሩን የሚከፍተው ግን አትንኩኝ የሚለው አለቃ ነው። «ሽልማት ደርሶዎታል» የሚል ሊንክ ስልኩ ላይ ሲመጣለት የሚነካው፣ የይለፍ ቃሉን ወረቀት ላይ ጽፎ ስክሪኑ ላይ የሚለጥፈው፣ ጊዜው ያለፈበት አንቲቫይረስ ይታደስ ሲባል «ለሚቀጥለው በጀት ዓመት ይቆይ» የሚለው እሱ ነው። ከእሱ ጎን ደግሞ እንደኔ ያለ እያወቀ ዝም የሚል ባለሙያ ይቀመጣል።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ደብተሬንና ያተምኳቸውን ወረቀቶች ይዤ ጃጁራ ሄድኩ። ማርታ በገበያው ዳር የልብስ ስፌት መኪና ይዛ ተቀምጣለች። አወቀችኝ። መርገጫውን አላቆመችም።

«ማርታ፣ ይቅርታ ልጠይቅሽ መጥቻለሁ። አንቺ እንዳልሆንሽ ያኔም አውቅ ነበር። ማስረጃው ይኸው።»

«ለእኔ ምን ትነግሪኛለሽ?» አለችኝ። አንቺ አለችኝ፤ ድሮ እርስዎ ነበር የምትለኝ። «እኔ እንዳልሆንኩ አውቃለሁ። እዚህ ስሜ ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ማርታ ቫይረስ። ልጄን ትምህርት ቤት የቫይረስ ልጅ ይሏታል። ለእነሱ ንገሪያቸው።»

መጀመሪያ ከማርታ ጋር የሠራተኞች አቤቱታ ወደሚሰማው አስተዳደር ፍርድ ቤት ሄድን። የይግባኙ ጊዜ አልፏል አሉን። ተቋሙ ዘንድ ሄድኩ፤ አዲሷ ኃላፊ ማስረጃውን ሁለት ቀን ይዛ አነበበች። በሠራተኛው ስብሰባ ላይ እንድናገር ፈቀደችልኝ። ተናገርኩ፤ ዲስኩንም፣ ፊርማውንም፣ የላፕቶፑንም ነገር። በማግስቱ ደምሴ ስልክ ደወለ።

«ጽጌ፣ ጡረታ ከወጣሽ በኋላ ምን አገባሽ?»

«ያኔ ነበር ሊያገባኝ የሚገባው። ፈርቼህ ነው» አልኩና ዘጋሁት።

ማርታ ጥፋተኛ አለመሆኗን የሚገልጽ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ጻፉላት። ደምሴን የጠየቀው የለም፤ ቦታው ላይ ነው። ደብዳቤውን ስወስድላት አንብባ አጣጠፈችው። «እሑድ ቤተ ክርስቲያናችን ነይ። የምስክርነት ሰዓት አለ» አለችኝ።

እኔ የኦርቶዶክስ ልጅ ነኝ፤ የእነሱ ቤተ ክርስቲያን ገብቼ አላውቅም ነበር። ነጠላዬን ለብሼ ሄድኩ። ማርታ ከእናቷና ከልጇ ጋር ከፊት ተቀምጣለች። ስጠራ ወጣሁ። «ይህች እህታችሁ ምንም አላጠፋችም። ያጠፋውን ሰው እያወቅሁ በሐሰት የፈረምኩባት እኔ ነኝ» አልኳቸው። አንድ ሰው ወደ ሀዲይኛ ይተረጉምልኝ ነበር። ዕድሜዬን ሁሉ እዚህ አገር ኖሬ ይቅርታዬን በአስተርጓሚ ስጠይቅ አፈርኩ። ከዚያ ሰው እየተነሳ ማርታን ያቅፋት ጀመር። ልጇ እናቷን አቅፋ ታለቅሳለች።

ልወጣ ስል የማርታ እናት በሩ ላይ ጠበቁኝ። ምርኩዝ የያዙ፣ አማርኛ የማይናገሩ አሮጊት ናቸው። ክንዴን ያዙና ዐይን ዐይኔን እያዩ አንድ ነገር ጠየቁኝ። ወደ ማርታ ዞርኩ።

«ሰውየውስ መቼ ነው የሚመጣው? ነው የምትልሽ» አለችኝ።

እናትየው ክንዴን እንደያዙ መልሴን ይጠብቁ ነበር።